ዳዶውን ማን ፈታው?

የአንድ አይሱዙ ወይም ሚኒባስ ጎማ ወልቆ መንገድ ዳር በቆመ ቁጥር አርብ ገበያም ሆነ ነፋስ መውጫ የሚወራው ያው ነው፤ «ሰው ፈቶበት ነው» ይባላል። ምቀኛ ይጠረጠራል፣ መናኸሪያ ላይ በወረፋ የተጣላ ሹፌር ስሙ ይነሳል፣ ሰው ያለ ማስረጃ ይቃቃራል። ሌላው ደግሞ «ብሎኑ አስመስለው የሠሩት ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ክፉ ሰውም የማይረባ ዕቃም የለም አልልም። ዳዶ ማንም ሳይነካው የሚፈታበት መንገድ ከ50 ዓመት በላይ በደንብ እየታወቀ እኛ ግን ዛሬም ጎረቤት ላይ ጣት መቀሰራችን ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

ብሎንና ዳዶ ምን እንደሆኑ አላስረዳም። አንድ ነገር ብቻ ይያዝልኝ፦ ቸርኬውን ከታምቡሩ ጋር አጣብቆ የያዘው የብሎኑ መለጠጥ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ የብሎኑ ብረት በጥቂቱ ይሳባል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲታገልም ሁለቱን አካላት እርስ በርስ ይጫናቸዋል። መሐንዲሶች ይህን «ቅድመ ጭነት» ይሉታል፤ ከመኪናው ጭነት ጋር እንዳይምታታ እኔ «ውጥረት» እለዋለሁ። መለጠጡ እጅግ ጥቂት ነው፤ በከባድ መኪና ብሎን እንኳ ከ0.2 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። የመኪናውን ክብደት ተቋቁሞ ቸርኬውን ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚያደርገው ከዚህ ውጥረት የሚመጣው ሰበቃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የብሎን ጥርስ በዘንግ ላይ የተጠመጠመ ዳገት ነው፤ የተለመደው ብሎን ዳገቱ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ቢሆን ነው። ብረት በብረት ላይ በራሱ እንዲንሸራተት ግን ዳገቱ ወደ 8 ዲግሪ መጠጋት አለበት። ስለዚህ ዝም ብሎ የቆመ ዳዶ አይፈታም። በብሎኑ ቁመት የሚመጣ ንዝረትም ያን ያህል አይፈታውም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ያሳየው፣ ጠላቱ ወደ ጎን የሚመጣው እንቅስቃሴ መሆኑን ነው። የተጣበቁትን ሁለት አካላት ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ ሠርቶ፣ በደንብ የጠበቀ ዳዶ ማንም ሳይነካው ሲፈታ አሳየ።

እንዴት ሆኖ? ሰበቃ ኃይሉን በአንድ ጊዜ ለሁለት አቅጣጫ አያውልም። ቸርኬው ከዳዶው ሥር ወደ ጎን መንሸራተት ሲጀምር ሰበቃው ያለውን ኃይል ሁሉ በዚያው አቅጣጫ ይጨርሰዋል። እንዳይዞር የሚይዝ ኃይል ለዚያች ቅጽበት አይተርፍም። ያን ጊዜ ያቺ የ2 ዲግሪ ዳገት ትበቃለች፤ ውጥረቱ ራሱ ዳዶውን ወደ መፍቻው በኩል ይገፋዋል። አጥብቆ የያዘውም የሚፈታውም ያው አንድ ኃይል መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የአንዷ መንሸራተት ውጤት በዓይን አይታይም። ኮረኮንች ላይ ግን ጎማው በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይዞራል፤ በየዙሩም ክብደቱ ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው ይዛወራል። ውጥረቱ በቀነሰ ቁጥር መንሸራተቱ ይቀላል፤ መንሸራተቱ በቀለለ ቁጥር ውጥረቱ ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ሹፌሩ መንቀጥቀጡን ሲሰማ ነገሩ አብቅቷል።

ውጥረቱ መጀመሪያ የሚቀንሰው ለምንድን ነው? በአህያ የሚጭን የጋይንት ገበሬ መልሱን ያውቀዋል፤ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ጭነቱ ስለሚረጋ ቆም ብሎ ጠፍሩን ያጠብቃል። ቸርኬም ይረጋል። በሁለቱ ገጾች መካከል ዝገት፣ ጭቃ ወይም ወፍራም ቀለም ካለ በሩጫ ጊዜ ይደቅና ይሳሳል። መለጠጡ 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ቀለሙ በ0.1 ቢሳሳ ግማሹ ውጥረት ሄደ ማለት ነው።

በመፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ መርገጥም መፍትሔ አይደለም። ከምናወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ በዳዶው ገጽ፣ 40 በመቶ ያህሉ በጥርሱ ላይ በሰበቃ ይጠፋል፤ ብሎኑን የሚለጥጠው 10 በመቶ ገደማ ነው። ጥርሱ የዛገ ከሆነ ያም ይቀንሳል፤ የረጋጩ ላብ ስለ ውጥረቱ ምንም አይናገርም። በተቃራኒው፣ በደረቅ እንዲጠብቅ የተሠራውን ብሎን ግራሶ ቀብቶ በዚያው ጉልበት ማጥበቅ ከልኩ በላይ ለጥጦ ሊያበላሸው ይችላል። ዘይት ጠብ እንዲደረግበት የሚያዝዝ አምራች ስላለ የመኪናው መመሪያ ይታይ። የተሰነጠቀው ስፕሪንግ ሮንዴላስ? ናሳ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው የማያያዣ መመሪያ፣ ዳዶው ሲጠብቅ ሮንዴላው ስለሚደፈጠጥ ለመቆለፍ ጥቅም እንደሌለው በግልጽ ጽፏል።

ይኸው ሥልት ከጎማ እጅግ ባነሰ ነገር ላይም ይሠራል። ፈቃድ ያለው አዳኝ በጠመንጃው ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር የሚያስቀምጥበት ሐዲድ ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው 3.5 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ባላቸው ብሎኖች ነው። ጥይት ሲተኮስ ጠመንጃው በድንገት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መነጽሩ በነበረበት ሊቀር ይፈልጋል፤ ሐዲዱም በብሎኖቹ ላይ ወደ ጎን ይገፋል፤ ዩንከር ያሳየው ይኸው ነው። 13 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ሐዲድ አንድ ጫፉ በ0.1 ሚሊሜትር ቢዛነፍ 100 ሜትር ላይ ወደ 8 ሴንቲሜትር ያስታል። ጥሩ ሠራተኛ ዘይቱን ጠርጎ፣ በልኩ አጥብቆ፣ አየር ሲያጣ የሚደርቀውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብ ያደርጋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሐዲዱ ከሥሩ የራሱ መደገፊያ ጥርስ ኖሮት ግፊቱን እርሱ ቢቀበል ነው፤ ያን ጊዜ ብሎኑ ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ አይኖርበትም።

ባለሙያዎች የማይስማሙበት ነገርም አለ። በእንግሊዝ አገር ከከባድ መኪና በብዛት የሚወልቀው የግራ የኋላ ጎማ ነው። አንዳንዶች ከጎማው አዟዟር ጋር ያያይዙታል፤ የግራ ጎማ በሚዞርበት አቅጣጫ የተለመደው ጥርስ ይላላል በማለት። የአሜሪካው ክራይስለርም ለብዙ ዓመታት በግራ ጎማ ላይ ተቃራኒ ጥርስ ያለው ብሎን ይጠቀም ነበር። ሌሎች ደግሞ እንግሊዞች በግራ ስለሚነዱ የመንገዱ ጠርዝ የሚደበድበው የግራውን ጎማ ነው ይላሉ። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ሁለተኛው ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ሁለቱ ምክንያቶች በአገራችን ተለያይተው ሊፈተኑ ይችሉ ነበር።

ጎማ ሲወልቅ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ቸርኬውን እዩት። ከብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ወደ ውጭ የፈሰሰ የዝገት መስመር ካለ ዳዶው ከላላ ቆይቷል ማለት ነው፤ ትናንት ማታ የተፈታ ዳዶ እንዲህ ያለ መስመር አይኖረውም። ጎማ የቀየረ ሹፌርም ገጾቹን በሽቦ ብሩሽ ይጥረግ፣ ዳዶዎቹን ፊትና ፊት እያፈራረቀ ያጥብቅ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሳያልፍም ቆሞ በልኩ መልሶ ያጥብቅ። ተሳፋሪዎችም ረዳቱ መፍቻ ይዞ ሲወርድ «ረፈደብን» እያላችሁ አታጣድፉት።