ስሙ ዞሯል፣ ቁልፉ ግን አልዞረም

አምቦ ላይ መኪና የሚገዛ ሰው በአብዛኛው ያገለገለ ነው የሚገዛው። ደላላ ያገናኘዋል፤ አዲስ አበባ ገብቶ ኮሮላውን ወይም ቪትዙን ያያል፤ የሚያምነው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያዳምጥለታል፤ የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ውል ይፈረማል፣ ስም ይዞራል፣ አንድ ቁልፍ፣ ቢቀናው ሁለት፣ ይረከባል። ከዚያ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ቤቱ ይገባል። ሻጩንም፣ ደላላውንም፣ መካኒኩንም ሳይጠይቃቸው የቀረ አንድ ነገር አለ፦ ይህ መኪና ስንት ቁልፍ ያውቃል?

ነገሩ ግልጽ የሚሆነው መኪናው በማያውቀው ቁልፍ እንዳይነሳ የሚከለክለው መሣሪያ፣ የኢሞቢላይዘር፣ አሠራር ሲታወቅ ነው። በቁልፉ የፕላስቲክ ራስ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ቺፕ ተቀብሯል። የራሱ ባትሪ የለውም። ቁልፉ ሲገባ የቁልፍ ማስገቢያውን የከበበው የሽቦ ጥቅልል በሬዲዮ ሞገድ ኃይል ያቀብለዋል። መኪናው በዘፈቀደ የመረጠውን ቁጥር ይልክለታል፤ ቺፑም በውስጡ በያዘው ምስጢር አስልቶ ይመልሳል። መልሱ ልክ ከሆነ ሞተሩ ይነሳል፤ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ወይም እሳቱን ይከለክላል። መሪው ሥር ገብቶ ገመድ ማገናኘት፣ የድሮው ሌባ ሙያ፣ እዚህ ላይ ዋጋ ያጣል።

ይህ መከላከያ የዋዛ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ እ.አ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ ሆኗል። ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የኔዘርላንድስን መረጃ መርምረው ኢሞቢላይዘር የመኪና ስርቆትን በ40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይተዋል። አሜሪካ ደግሞ ሌላውን ገጽታ አየች። እዚያ ግዴታ ስላልነበረ ኪያና ሂዩንዳይ እስከ 2021 ድረስ ብዙ ሞዴሎችን ያለ ኢሞቢላይዘር ሸጠው ነበር፤ ታዳጊዎች የአሰራረቁን ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲቀባበሉት ስርቆቱ ከከተማ ከተማ ተዛመተ።

ታዲያ ቀዳዳው የት ላይ ነው? የመኪናው ኮምፒውተር ሊብሬ አያነብም። የሚያውቀው በማኅደሩ የተመዘገቡትን ቺፖች ብቻ ነው። ከሦስት ባለቤት በፊት የጠፋ ቁልፍ፣ ደላላው ለማሳየት ወስዶ ያልመለሰው፣ ለሾፌር ተሰጥቶ የተረሳው፣ ሁሉም ዛሬም ለመኪናው ባለቤቶች ናቸው። በውልና ማስረጃ ፊት የፈረመው አዲሱ ገዥ ለኮምፒውተሩ ምንም ማለት አይደለም። በየከተማው ፖሊስ ስለ መኪና ስርቆት ሲናገር ተደጋግሞ የምንሰማው «በተመሳሳይ ቁልፍ» የሚለው ነገርም ከዚሁ ጋር የሚገናኝ ይመስለኛል። ሌባው ስርዓቱን መስበር አላስፈለገውም፤ ስርዓቱ የሚያምነውን ይዞ መጣ።

የባሰው ደግሞ መከላከያው ጭራሽ የጠፋባቸው መኪኖች ናቸው። ባለ ቺፕ ቁልፍ ሲጠፋ አዲስ ማስመዝገብ ወጪ አለው፤ ከጌዶ ወይም ከባኮ ለሚመጣ ሰው ደግሞ መንገዱ ራሱ ወጪ ነው። አቋራጩ የመኪናውን ኮምፒውተር ከፍቶ የኢሞቢላይዘሩን ትእዛዝ ማጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ ማንኛውም የተቀረጸ ብረት ሞተሩን ያስነሳል። ባለቤቱ «ተስተካከለ» ብሎ ይደሰታል፤ ሲሸጥም አያወራውም፤ ገዥውም ኢሞቢላይዘር ያለው መኪና የገዛ ይመስለዋል።

ይህን ለማወቅ ትልቅ ባለሙያ አያስፈልግም። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ቁልፉ ሲወጣ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች፤ ቁልፉ ሲመለስ ትጠፋለች። ጨርሳ የማትበራ ከሆነ ወይ መከላከያው ከመጀመሪያው አልነበረም፣ ወይ ተነቅሏል። የበለጠ እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ቺፕ የሌለው ተራ ኮፒ አስቀርጾ የራሱን መኪና ይሞክር። ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ ሥራውን ከቀጠለ ኢሞቢላይዘር የሚባል ነገር የለም።

የምስጢር ስሌቱ ራሱም ተሰብሯል። እ.አ.አ. በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ ተመራማሪዎች ፎርድን ጨምሮ በሚሊዮን በሚቆጠሩ መኪኖች ቁልፍ ውስጥ የነበረውን ባለ 40 ቢት ቺፕ ፈቱት። አምራቹ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ80 ቢት ተካው። በ2020 ግን የቤልጂየሙ ሉቨንና የእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ችግሩ የመኪና አምራቾቹ አጠቃቀም ላይ መሆኑን አሳዩ። በቶዮታ ምስጢሩ የሚሰላው ቺፑ ለጠየቀው ሁሉ ከሚናገረው መለያ ቁጥር ነበር። በሂዩንዳይና በኪያ ደግሞ ከ80ው ቢት በእርግጥ ምስጢር የነበረው 24ቱ ብቻ ነው፤ ይህም 16.7 ሚሊዮን አማራጭ ማለት ነው፤ ለኮምፒውተር የቅጽበት ሥራ ነው። ከተጠቀሱት የቶዮታ ሞዴሎች መካከል እኛ አገር የምናውቃቸው ኮሮላ፣ ያሪስ፣ ሃይሉክስ፣ ሃያስና ላንድ ክሩዘር ይገኙበታል።

ይሁን እንጂ ምስጢሩን በዚህ መንገድ ለመፍታት ማንበቢያ መሣሪያውን ቁልፉ አጠገብ ማድረስ ያስፈልጋል። ከባለቤቱ ኪስ ውጭ ቁልፍ ብቻውን የሚቀመጥባቸውን ቦታዎች እናስባቸው፦ ላቫጆ፣ ጋራዥ፣ የሆቴል ግቢ። ምዕራብ ሸዋ ውስጥ በሒሳብ ሊቅ ከሚሰረቀው መኪና ይልቅ በተዋሰ ቁልፍ የሚሰረቀው ይበዛል ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። የእጥበት ሠራተኛውን መጠርጠር አይገባም፤ ቁልፉን ግን ከቤት ቁልፍና ከመታወቂያ ጋር አስሮ መስጠት ሞኝነት ነው።

ስለ አሮጌው የናፍጣ ሚኒባስ፣ ስለ ቆየው አይሱዙና በአምቦ ከተማ ውስጥ እንደ ልብ ስለሚሽከረከረው ባጃጅ ብዙ የምለው የለኝም። ኤሌክትሮኒክ መከላከያ ስለሌላቸው ደካማ ጎኑንም ማውራት አይቻልም። የእነሱ ነገር ሰንሰለት፣ የመሪ ብረት፣ በድብቅ የተቀበረ ማጥፊያና ዘበኛ ነው።

ጋራዥ የሚያስገጥሙት አላርምና ጂፒኤስ ግን ልብ ሊባሉ ይገባል። የሪሞት ምልክት በአየር ላይ የሚሄድ ነው፤ በዚያው ሞገድ ላይ ሌላ ጩኸት ከለቀቁበት መኪናው «ቆልፍ» የሚለውን ትእዛዝ አይሰማም። ባለቤቱ ሪሞቱን ተጭኖ ሳይዞር ይሄዳል፤ በሩ ክፍት ነው። መድኃኒቱ እጀታውን ስቦ ማየት ብቻ ነው። ጂፒኤሱ ደግሞ ቦታውን ከሳተላይት ቢያውቅም ወሬውን የሚያደርሰው በስልክ ኔትወርክ ነው። ሲም ካርዱ ሒሳብ ካለቀበት ዲዳ ይሆናል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ በዳታ የሚሠራ ጂፒኤስ ሁሉ ታውሮ ነበር። በኤስኤምኤስ ጭምር የሚመልሰውን መምረጥ ለአካባቢያችን የተሻለ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በአምቦ መንገድ ላይም መታየት ጀምረዋል። ብዙዎቹ ቁልፍ ከኪስ ሳይወጣ የሚከፈቱ ናቸው። እ.አ.አ. በ2011 የዙሪክ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ አሥር ሞዴሎችን ፈትነው፣ ቤት ውስጥ ያለውን ቁልፍ ምልክት በአንቴና እያቀባበሉ አሥሩንም ከፍተዋል። ቁልፉን ማታ በሚገባ በተዘጋ የብረት ሣጥን ማስቀመጥ ይረዳል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የስልክ መተግበሪያው ነው። የአይቢኤም የደኅንነት ባለሙያ ቻርልስ ሄንደርሰን እ.አ.አ. በ2017 እንደተናገረው፣ መኪናውን ከሸጠ ከዓመታት በኋላም በስልኩ ያለበትን ቦታ ማየትና በሩን መክፈት ይችል ነበር። አስመጪው ወይም የመጀመሪያው ገዥ በስሙ የከፈተው አካውንት ካልተሰረዘ፣ የቺፑ ችግር በአዲስ መልክ ይቀጥላል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ቁልፉ ከአገር ውጭ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ብዙ መኪኖች ላይ የመመርመሪያ ማሽን የተመዘገቡትን ቁልፎች ብዛት ያሳያል። በእጅ ያሉትን ሁሉ ይዞ ቀርቦ እንደ አዲስ ማስመዝገብና ያልቀረቡትን መሰረዝ ይቻላል። ገዥ ይህን የዋጋ ድርድሩ አካል ያድርገው፤ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በሻጩ ፊት ይሠራ፤ የኤሌክትሪክ ከሆነ አካውንቱም እዚያው ይሰረዝ። ቁልፍ የምታስመዘግቡ ባለሙያዎችም ሊብሬና መታወቂያ ሳታዩ ቺፕ አታስመዝግቡ። የሻንሲ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ያስመዘገበውን ሰው ስም በደብተር ያዙ፤ መኪናው የጠፋ ቀን ፖሊስ መጀመሪያ ማየት የሚገባው ያንን ደብተር ነው።