ሳይቃጠል በቅጠል፦ የቡታጋዛችን እሳት ምን ይነግረናል?

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን የማቀርብላችሁ ስለ ቡታጋዝ ምድጃ ነው። «ይሄ የእናቶች ጉዳይ ነው» የምትሉ አትጠፉም። ግን ከእኛ መሀል ከትምህርት ቤት ተመልሶ ለታናናሾቹ ምግብ የሚያሞቀው ስንቱ ነው? እናትና አባት ሥራ ላይ ሲሆኑ ምድጃው አጠገብ ያለነው እኛው ነን። አጎቴ ምድጃ ጠጋኝ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው እውላለሁ። እዚያ ያየሁትንና የጠየቅሁትን ክፍል ውስጥ ከተማርነው ጋር አያይዤ እንዲህ ጽፌዋለሁ።

1. ጋዙ እንዴት ይነዳል?

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ በግፊት ተጨምቆ ፈሳሽ ሆኗል። ሲሊንደሩ ሲነቃነቅ ውስጡ እንደ ውኃ ሲንቦጫረቅ የሚሰማው ለዚህ ነው። ሲከፈት ፈሳሹ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ይወጣል፤ ሬጉሌተሩ ግፊቱን ይቀንስለታል፤ ከዚያ በጎማው በኩል ወደ ምድጃው ይሄዳል። ምድጃው ውስጥ የመርፌ ጫፍ በምታክል ቀዳዳ ተወርውሮ ሲወጣ በጎን ካለው ክፍት ቦታ አየር ስቦ ይገባል። ጋዙና አየሩ ተቀላቅለው በምድጃው ራስ ዙሪያ ባሉት ቀዳዳዎች ወጥተው ይነዳሉ። በሳይንስ ትምህርት የምናውቀው ቡንሰን በርነርም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ኬሚስት ከሮበርት ቡንሰን ነው።

2. ቀለሙን ተመልከቱ

ሰማያዊ፣ ጸጥ ያለና ቀዳዳው ላይ የተቀመጠ ነበልባል ጤነኛ ነው፤ ጋዙ በቂ አየር አግኝቷል ማለት ነው።

ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ከተንቀለቀለና የድስቱን ቂጥ ጥላሸት ካለበሰው አየር አንሶታል። ጥላሸቱ እኮ ሳይነድ የቀረ ካርቦን ነው! ጋዝ ይባክናል፣ ድስት ይጠቁራል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለው፤ ደማችን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ምድጃ አጠገብ ራስ ምታትና ማዞር ከተሰማችሁ እሳቱን አጥፍታችሁ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ ቶሎ ውጡ።

ነበልባሉ ከቀዳዳው ተነስቶ በአየር ላይ ከዘለለና «ፉፉ» ካለ ደግሞ አየሩ በዝቷል ወይም የጋዙ ግፊት ከፍ ብሏል።

አንድ ነገር ግን አያስደንግጣችሁ፦ ጨው ያለበት ውኃ ወይም ወጥ ጠብ ሲልበት እሳቱ ለአፍታ ብርቱካናማ ይሆናል። ይህ የጨው ሶዲየም ቀለም ነው፤ ወዲያው ይመለሳል።

3. ቢጫ ከሆነ ምን ይደረግ?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽሮ ነው። ሽሮ ይገነፍልና ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። ጋዙ ከሲሊንደሩ ተዘግቶ ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ራሱን አንስቶ በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ማጠብ፣ በደንብ ሳይደርቅ አለመመለስ። ታጥቦም ቢጫነቱ ካልተወ የአየር መግቢያው መስተካከል አለበት። አጎቴ ጥቂት ጥቂት እያዞረ ነበልባሉን ያያል፤ ቢጫው ጠፍቶ እሳቱ ሳይዘል ሲቀመጥ ያቆማል። ይህንን ግን እኛ ልጆች አንነካም! ጋዙ የሚወጣበትን ትንሿን ቀዳዳም በመርፌ መጎርጎር ክልክል ነው፤ ከሰፋች ጋዙ ከልክ በላይ ይወጣል። የእኛ ሥራ አይቶ ለትልቅ ሰው መናገር ነው። «አንተ ልጅ ምን ታውቃለህ?» ካሏችሁ የድስቱን ቂጥ አሳዩአቸው።

4. ጋዝ ማፍሰሱን እንዴት እንወቅ?

ጋዙ በራሱ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ያ የሚከረፋው ሽታ ሲያፈስ እንድናውቀው ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። አንዳንድ ሰው የሚያፈስበትን ቦታ በክብሪት ይፈልጋል። አጎቴ «ክብሪት ማቃጠያ እንጂ መፈተሻ አይደለም» ይላል። ትክክለኛው መፈተሻ የሳሙና አረፋ ነው። እሳት በሌለበት፣ ትልቅ ሰው አረፋውን በስፖንጅ ሬጉሌተሩና የጎማው ጫፎች ላይ ይቀባል። አረፋው እየተነፋ ከመጣ እዚያ ጋ ያፈሳል። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ በፕላስተር አይጠቀለልም፤ ይቀየራል።

ቤት ስትገቡ ጋዝ ከሸተታችሁ፦

ሀ. ክብሪት፣ ሻማ፣ ከሰል አትለኩሱ። መብራት ቢጠፋም እንኳ በሻማ አትፈልጉ።
ለ. የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ። ማብራት ብቻ ሳይሆን ማጥፋትም ብልጭታ ይፈጥራል።
ሐ. ከቻላችሁ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ በመስኮት ብቻ ቶሎ አይወጣም።
መ. ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ስልክ የምትደውሉት ውጭ ሆናችሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው።

ስትለኩሱም ቅደም ተከተሉን አትርሱ፦ ክብሪቱ ይቅደም፣ ጋዙ ይከተል። ጋዙ ቀድሞ ከተከፈተ ይጠራቀምና «ቧ!» ብሎ ፊት ላይ ይነሳል። ሲሊንደሩም ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከተጋደመ ፈሳሹ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩ ሊገባ ይችላል።

እንግዲህ ለዛሬ ማታ የቤት ሥራ ሰጥቻችኋለሁ። እራት ሲሠራ ጠጋ ሳትሉ ሦስት ነገር እዩ፦ እሳቱ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ጎማው ተሰንጥቋል ወይስ ደህና ነው? መስኮቱ ክፍት ነው? መልሱን ነገ በእረፍት ሰዓት ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ንገሩን፣ በማይክ እናነበዋለን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!