የዘነበወርቅ ጥቁር ድንጋይ

የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረውና በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ማዕከሉ አለርት በተቋቋመበት በልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ስም የሚጠራው ሰፈር፣ በስተምዕራብ ወጨጫን እያየ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ስለ ድንጋይ ለመማር የሚሻ ሰው ከዚያ ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። ወጨጫ ዛሬ እሳቱ የጠፋ፣ ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ያስቆጠረ እሳተ ገሞራ ነው፤ አዲስ አበባም የቆመችው እርሱና ከእርሱ የሚቀድመውን እንጦጦን የመሳሰሉ ገሞራዎች በየዘመናቸው ባፈሰሱት ቅልጥ አለትና በበተኑት ትኩስ አመድ ላይ ነው።

ከዚህ ቅልጥ አለት የረጋውንና ድንጋይ ጠራቢ በመዶሻ የፈለጠውን ጥቁር ድንጋይ አንሥቶ አዲሱን ገጽ ትኩር ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ ከሩቅ አንድ ወጥ ጥቁረት መስሎ ይታይ የነበረው ወደ ብዙ ቅንጣት ይከፋፈልለታል። ድንጋዩን ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት እንደ መስተዋት ስባሪ ብልጭ የሚሉት ሾጠጥ ያሉ ነጫጭ ቅንጣቶች ፌልድስፓር፣ በመካከላቸው የተሰገሰጉት ጥቋቁሮች ፓይሮክሲን፣ አልፎ አልፎ የሚገኙት አረንጓዴዎች ኦሊቪን ይባላሉ። እያንዳንዱ የታወቀ የንጥረ ነገር ውሕደትና የማይለወጥ ውስጣዊ ሥርዓት ያለው ማዕድን ሲሆን፣ አለት ግን የማዕድናት ማኅበር ነው። ፌልድስፓሩን በተራ ቢላዋ ቢፍቁት አይጫርም፤ ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአሥር ደረጃ የጥንካሬ መለኪያ 6ኛውን ስፍራ ይዟልና፣ የሚጭረው 7ኛው ኳርትዝ ነው።

በዓለም የታወቁት የማዕድን ዓይነቶች ከ5,000 የሚበልጡ ሲሆኑ፣ የምድርን ቅርፊት የሠሩት ግን እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ፌልድስፓር ብቻውን ከግማሽ አያንስም። ይህም የሆነው ከቅርፊቱ ክብደት ከመቶ 46 ያህሉ ኦክስጅን፣ 28 ያህሉ ሲሊከን ስለሆነ ነው። አበው ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ መሬትን ከእሳት፣ ከነፋስና ከውኃ ጋር ከአራቱ ባሕርያት አንዷ አድርገው ይቆጥሯታል፤ እሳት ባቀለጠው ጠጠር ውስጥ የምንተነፍሰውን ኦክስጅን ታስሮ ማግኘት ለእኔ ከዕፁባን አንዱ ነው።

ውኃም የራሱን ሥራ ይሠራል። ጥቁሩ ድንጋይ በዝናብና በሙቀት ለብዙ ሺህ ዘመናት ሲበሰብስ ፌልድስፓሩና ፓይሮክሲኑ ይፈርሱና ሸክላማ ማዕድን ይሆናሉ፤ ወደ ሰበታ በሚወስደው ሜዳ ላይ የምናየው ዋልካ ከዚህ የተገኘ ስለሆነ፣ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጤፍ የሚያበቅለው እርሱ ነው፤ ግድግዳ የሚሰነጥቀውም እርሱ ነውና ግንበኛ መሠረት ከመጣሉ በፊት ቆፍሮ ያወጣውና ገረገንቲ ይሞላበታል።

ማዕድን ሁሉ ግን የማዕድን ሀብት አይደለም። ከጥቁሩ ድንጋይ ክብደት አንድ አሥረኛው ያህል የብረት፣ አንድ ሰባተኛው ያህል የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱም የሲሊከንና የኦክስጅን ውሕድ ከሆነው ከሲሊካ ጋር ተቆራኝተው ስለታሰሩ ለማላቀቅ የሚወጣው ወጪ ከሚገኘው ዋጋ ይበልጣል፤ ስለዚህ ድንጋዩ የሚፈለገው ለመሠረት፣ ለጠጠርና ለመንገድ ንጣፍ ነው። ሀብት የሚባለው በየቦታው የተበተነውን ተፈጥሮ ራሷ በአንድ ስፍራ ስታከማቸው ነው። በደላንታ፣ በወገልጤና አካባቢ በ2000 ዓ.ም. የተገኘው ኦፓል፣ ውኃ ከገሞራ አለት ውስጥ ሲሊካውን አሟሙቶ በስስ ንጣፍ መካከል ያስቀመጠው ነው፤ ለዓይን የሚያስደንቅ ኅብረ ቀለም ያለው ዕንቁ ይሁን እንጂ፣ የተሠራው በዘነበወርቅ ድንጋይ ውስጥ ካለው ከዚያው ሲሊካና ከውኃ ነው። ወርቅ ደግሞ ከእነዚህ ይልቅ የተበተነ በመሆኑ፣ በተራ አለት በአማካይ ከአንድ ሺህ ቶን የሚገኘው 4 ግራም ያህል ነው፤ በአዶላ ምድር፣ በለገደምቢ፣ በጥንታዊ አለት ስንጥቅ ውስጥ የተመላለሰ ትኩስ ውኃ ከኳርትዝ ጋር አከማችቶት በአንድ ቶን ውስጥ ጥቂት ግራም ስለተገኘ ብቻ ማዕድን ማውጫ ተከፈተበት። ዝናብ ያንን ኳርትዝ ሸርሽሮ ወደ ወንዝ ሲያወርደው፣ ወርቁ ከውኃ 19 እጥፍ፣ ኳርትዙ ግን ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ስለሚከብዱ፣ ባህላዊው ወርቅ አውጪ ገበቴውን እያማታ ሲያጥብ አሸዋው ከውኃው ጋር ይወጣል፣ ወርቁ ከሥር ይቀራል።