ጣት የጎደለው ጊታር

ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ምድር ቤት ውስጥ 213 ሸክላዎች አሉኝ። ባለቤቴ «የሰው ዘፈን» ብላ የምትቀበላቸው ሃያ አይሞሉም፤ የቀሩትን ባንድ ስም ጠቅልላ «ጋራዥህ» ትላቸዋለች። እንግዳ ሲመጣ «ጋራዡን ዝጋውና ውጣ» ነው የምትለኝ። አልፈርድባትም። ብረት ይቀጠቀጣል፣ ሞተር ይነሳል፣ ሰው ይጮኻል። እኔ ግን ዋሽንግተን መሀል አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሌሊት ሌሊት ገንዘብ ስቀበል እንቅልፌን ያባረረልኝ ይኸው ጋራዥ ነው። ዘመኑ ሰው ሁሉ ሸክላውን እየጣለ ሲዲ የሚገዛበት ነበር፤ በእረፍት ቀኔ አሮጌ ሸክላ የሚሸጥበት ቤት ገብቼ በቡና ዋጋ አንድ አልበም ይዤ እወጣለሁ።

ሮክ ማለት ባጭሩ የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የኤሌክትሪክ ጊታር ጉልበት ሲያገኝ ነው። ሄቪ ሜታል ደግሞ ያንኑ ጊታር ድምፅ ማጉያው መሸከም እስኪያቅተውና ድምፁ እስኪሻክር ጭነው፣ ከበሮውንና ቤዙን ከሥሩ አክብደው የሠሩት ነው። የትውልድ ቦታው ያከራክራል። እኔ ከእንግሊዟ የፋብሪካ ከተማ ከበርሚንግሃም አላወጣውም።

ቶኒ አዮሚ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ እዚያች ከተማ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ የመጨረሻዋ ቀን ላይ ማሽን የቀኝ እጁን የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት ጫፍ ቆረጠው። ሰውየው ግራኝ ነው፤ የጊታሩን ክር የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው። ሌላው ቢሆን ጊታሩን ሸጦ ያርፍ ነበር። እሱ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ በላዩ ቆዳ ለጠፈበት። በቆብ ወፍራም ክር መጫን ስለሚያም ቀጫጭን ክር ፈለገ፤ ኋላም ክሮቹን አላላቸው። ክር ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፣ ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ የመጣው የሜታል ጊታር ሁሉ የዚያን አደጋ ውርስ ተሸክሟል።

የአዮሚ ቡድን የብላክ ሳባት የመጀመሪያ አልበም፣ «ብላክ ሳባት»፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ለንደን ውስጥ ባንድ ቀን ተቀድቶ አለቀ። መርፌውን ስታሳርፉት መጀመሪያ ዝናብ፣ ነጎድጓድና የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል፤ ከዚያ ጊታሩ ሦስት ድምፅ ብቻ ይጥላል፤ ሦስተኛዋ ላይ ሰውነት ይሰቀጥጣል። ከመጀመሪያዋ ያላት ርቀት እንግዳ ነው፤ የአውሮፓ የሙዚቃ ሊቃውንት «የሙዚቃ ሰይጣን» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። አንድ እሑድ ክራር የሚጫወት ወዳጄን ምድር ቤት አስቀምጬ አሰማሁት። ደጋግሞ ሰማው፤ ክራሩን አንቺሆዬ ቃኘና አንደኛውንና አራተኛውን ክር መታልኝ። ያው ራሱ ርቀት! ሁለታችንም ሳቅን። ፈረንጆቹ ሰይጣን ያሉትን ድምፅ እኛ ሙሽራ ስንሸኝበት ኖረናል።

ሰይጣን ከተነሳ አይቀር፣ ታላቅ እህቴ የአልበሙን ሽፋን አይታ ጠበል እንድገባ መክራኛለች። እትዬ፣ ስሙ የተወሰደው ከአስፈሪ ፊልም ርዕስ ነው፤ አብዛኛውን ግጥም የሚጽፈው ጊዘር በትለር ደግሞ ያደገው በካቶሊክ ቤት ነው ብላት ሰሚ አላገኘሁም። ነገሩ ሁሉ ንጹሕ ነው አልልም። የስሌየርን የ1986 አልበም «ሬይን ኢን ብለድ»ን ቤት ውስጥ ጮክ አድርጌ አላጫውትም፤ ግጥሙ ለእኔም ይከብደኛል። ጎበዝነቱ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማለቁ ነው። በካሴት ሲወጣ በሁለቱም በኩል ሙሉው አልበም ተቀድቶ ነበር።

ወደ ፍርዴ ልምጣ። መደርደሪያዬ ላይ ደጋግሜ የማወጣቸው፣ አንድ ነገር የጎደላቸው ሰዎች የሠሯቸው ናቸው። ዲፕ ፐርፕል በ1971 ታኅሣሥ ሊቀዱ ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሩ ሄዱ፤ ሊቀዱበት ያሰቡት ካዚኖ በፍራንክ ዛፓ ኮንሰርት ላይ ተቃጠለባቸው። ሌላ አዳራሽ ያዙ፤ ጎረቤት በጩኸታቸው ፖሊስ ጠራ። በመጨረሻ ለክረምት የተዘጋ ሆቴል ኮሪደር ውስጥ ፍራሽ ደርድረው ቀዱ። መቅጃው ውጭ የቆመ መኪና ውስጥ ስለነበርና እዚያ ለመድረስ በረንዳ ለበረንዳ በብርድ መሻገር ስለሚያስፈልግ፣ የቀዱትን መልሶ መስማቱን እየተውት መጡ። «ማሽን ሄድ» ላይ የምሰማው መዝናናት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፤ ራሱን እያዳመጠ የሚጫወት ሰው የለበትም። ኤሲ ዲሲ ደግሞ በየካቲት 1980 ዘፋኛቸው ቦን ስኮት ሞቶባቸው፣ በዚያው ዓመት «ባክ ኢን ብላክ»ን አወጡ። ሽፋኑ ጥቁር ነው፣ የሚከፈተውም በደወል ነው። የእኛ ሰው ደወሉን ሲሰማ ለቅሶ ቤት እንደገባ ያውቃል፤ ከደወሉ በኋላ ያለው ግን ጭፈራ ነው። የሊድ ዘፔሊንን አራተኛ አልበም ሁሉም ስለሚያመሰግነው እኔ አልጨምርበትም። ደረጃ ሥር የተቀዳውን የመጨረሻውን ዘፈን ከበሮ ብቻ ስሙልኝ።

ሜታሊካ ላይ ግን ከወጣቶቹ ጋር እጣላለሁ። የ1986ቱን «ማስተር ኦፍ ፓፔትስ» እወደዋለሁ፤ የመጀመሪያው ሸክላ ግን በድሎታል። የሸክላ አንድ ገጽ በደህና የሚይዘው ሃያ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ሲበልጥ መርፌዋ የምትሄድባቸው ቦዮች ይጠባሉ፣ ድምፁም ይቀንሳል። ይህ አልበም ግን ከሃምሳ አራት ደቂቃ በላይ ሆኖ አንድ ሸክላ ላይ ተጠቅጥቋል። ያም ሆኖ «ኦሪየን» የተባለው ቃል የሌለው ዜማ ሲመጣ፣ ባለቤቴ ከደረጃው ላይ ቆማ «ይሄ ደግሞ የማነው?» ያለችበት ቀን አለ። መሀል ላይ የሚያንጎራጉረው የክሊፍ በርተን ቤዝ ነው። አልበሙ በወጣ በሰባት ወሩ ግድም የቡድኑ አውቶቡስ ስዊድን ውስጥ ተገልብጦ በርተን ሞተ። በ1988 ያወጡት «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» ላይ አዲሱ የቤዝ ተጫዋች ጄሰን ኒውስቴድ አለ፣ ግን አይሰማም፤ ሲቀናበር ድምፁን ዝቅ አድርገው ቀብረውታል። አዮሚ ለጎደለው ጣት ቆብ ሠራለት፤ እነዚህ የተተካውን ጣት ደበቁት። ልጆቹ «ያ ድርቀቱ ነው ውበቱ» ይሉኛል። ወጥ ያለ ጨው ነው፤ ልጅነት አስለምዷቸው ነው እንጂ።

ከሁሉ የማላውሰው አንድ አለ። ከዓመታት በፊት ሸክላ ስገለብጥ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሽፋን አየሁ። የአገሬ ሰው ዘፈን መስሎኝ ልቤ ደነገጠ። ሥዕሉ ግን ከምሠራበት ጣሪያ ላይ በየሌሊቱ የማየው የካፒቶል ጉልላት ነው፤ መብረቅ ይመታዋል። ባድ ብሬንስ ይባላሉ፤ አራት ጥቁር የዋሽንግተን ልጆች፣ በጃዝ ጀምረው ወደ ሃርድኮር ፓንክ የገቡ፣ ራስተፈሪያን። ቀለሙ በእርግጥም ከእኛው ነው የሄደው። በ1982 መጀመሪያ በካሴት ብቻ የወጣው ይህ አልበም ከመፍጠኑ የተነሳ ማጫወቻዬ የተበላሸ መስሎኝ ፍጥነቱን አይቻለሁ። ከዚያ ድንገት ሬጌ ይመጣል፣ ትንፋሽ ትወስዳላችሁ፤ መልሶ ደግሞ ያባርራችኋል። በኋላ የመጣው ፈጣን ሜታል ከእነሱ ብዙ ወስዷል።

የኛዎቹ የሮክ ባንድ ጃኖዎችም አሉ። «ኤርታሌ» የተባለውን አልበማቸውን ያዘጋጀላቸው ቢል ላስዌል ነው፤ በ1986 የሞተርሄድን አልበም ያዘጋጀው ያው ሰው። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ከፊት ሆነው ሲዘፍኑ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ጊታሩ ትንሽ ተጨማሪ ቦታ ቢያገኝ፣ ትንሽም ቢቆሽሽ እመርጣለሁ።

የቀረኝ አንድ ነው። አዮሚ ክሩን በደንብ ያላላበት የ1971ዱ «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ»፣ በሳልና በጊታር የሚጀምረው። ከአንድ ሱቅ ደህና ገንዘብ ከፍዬ ገዛሁት፤ ቤት ደርሼ ሳወጣው ውስጡ የገና መዝሙር የሚዘምር የሕፃናት ኅብረት ነበር። ስመለስ «የተሸጠ አይመለስም» ተባልኩ። ባለቤቴ መዝሙሩን ወደደችው፤ በየዓመቱ ከዚያው ጥቁር ሽፋን አውጥታ ታጫውተዋለች። ሽፋኑ በእጄ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ጠርዙ አልተቀደደም። ሸክላው ብቻውን ያለው ሰው ካለ ዋጋ እንነጋገር።