ወንድ ጥጃዋ የማያስከፋው የጀርመን ላም

የወተት ላም የሚያረባ ሰው ላሙ መውለጃዋ ሲቃረብ አንድ ምኞት አለው፤ “ሴት ትሁንልኝ” ይላል። ሴቷ ጥጃ ነገ ጊደር፣ ከነገ ወዲያ ታላቢ ላም ትሆናለች። ወንዱ ግን እናቱ ለወተት ብቻ የተመረጠ ዝርያ ደም ካላት አጥንቱ የገዘፈ፣ ሥጋው የሳሳ ይሆንና የበላውን መኖ ዋጋ መመለስ ያቅተዋል። ወተቱንም ከቤተሰቡ ገቢ ጋር ስለሚሻማ ገና ሳይጠና የሚሸጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ ግዛት ባሉ ገበሬዎች ዘንድ ይህ ጭንቀት ቀለል ያለ ነው። ምክንያቱ ፍሌክፊ የተባለው ዝርያ ነው። ስሙ ለምላሳችን ቢያስቸግርም ትርጉሙ ሩቅ አይደለም፤ “ፍሌክ” መጣፍ ያለ የቀለም ምልክት፣ “ፊ” ደግሞ ከብት ማለት ነው። በእኛ አነጋገር “ቡሬ ከብት” ብንለው አንሳሳትም። ፍሌክፊ በጀርመን ከሆልስታይን ቀጥሎ በብዛት የሚረባ ዝርያ ሲሆን፣ በባቫሪያ ካሉት ከብቶች አብዛኞቹ የእርሱ ወገን ናቸው።

ፊቷ ነጭ፣ ገላዋ ከዳማ እስከ ቀይ ቡናማ ያለ፣ በየቦታው ነጭ የጣለባት ላም ናት። የደረሰች ላም ከ650 እስከ 850 ኪሎ ግራም ትመዝናለች፤ ኮርማው ከ1 ሺህ 100 ኪሎ በላይ ይደርሳል። በመዝገብ የተያዙት የባቫሪያ ላሞች በአንድ የወተት ዘመን በአማካይ ወደ 8 ሺህ ኪሎ ግራም ገደማ ወተት ይሰጣሉ፤ ቅባቱም ከ4 በመቶ በላይ ነው። ሆልስታይን ከ9 ሺህ ኪሎ በላይ ስለሚሰጥ በወተት ብቻ ከተወዳደሩ ፍሌክፊ ተሸናፊ ናት። ሒሳቡ የሚለወጠው ወንዱ ጥጃ ሲቆጠር ነው። በቆሎ ገፈራና ጥራጥሬ የሚቀለብ የፍሌክፊ ወይፈን በቀን ከ1 ኪሎ ከ300 ግራም በላይ እየጨመረ፣ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ዕድሜው 700 ኪሎ አልፎ ለቄራ ይደርሳል። ላሟም ወተቷ ነጥፎ ስትወገድ በሥጋ ዋጋ ትሸጣለች። በዚህ ላይ የጡት በሽታ በሆልስታይን ላይ ከሚታየው ያነሰ ነው።

ይህ ጠባይ በአንድ ጀምበር አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1837 ማክስ ኦበርማየር የተባለ ሰው በቴገርንዜ ሐይቅ ዳር ወደምትገኘው ግሙንድ ከስዊዘርላንድ የሲሜንታል ከብቶችን አስመጣ። ከብቶቹ ከአካባቢው ዝርያ ጋር እየተዳቀሉ፣ ልጆቻቸው እንደገና ከሲሜንታል ደም እየተጨመረላቸው፣ ዛሬ ፍሌክፊ የሚባለው የሲሜንታል ቅርንጫፍ ተገኘ። የዚያን ዘመን የባቫሪያ ገበሬ ከከብቱ የሚፈልገው ሁለት ሳይሆን ሦስት ነገር ነበር፤ ወተት፣ ሥጋና ጉልበት። በሬ ማቆየት የሚከብደው አነስተኛ ገበሬ ላሙን ጭምር ይጠምድ ነበር። ለቀንበር ሲባል የተመረጠው ሰፊ ትከሻና ጠንካራ እግር ትራክተር ከገባ በኋላ ወደ ሥጋ ጥቅም ዞረ። እኛ አገር በሬ የሚሸጠው አርሶ አርሶ ከደከመ በኋላ መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የዝርያው እውነተኛ ምስጢር ግን ቀለሙ ወይም መልክዓ ምድሩ ሳይሆን መዝገቡ ነው። የእያንዳንዷ ላም ወተት በየጊዜው ይለካል፤ የወለደችበት ቀን፣ የምጧ መቅለልና መክበድ፣ የጥጃው መኖርና መሞት ይጻፋል። የታረዱ ወይፈኖች ክብደትና የሥጋ ደረጃም ከቄራ ወደ መዝገቡ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ ለእያንዳንዱ ኮርማ አንድ ጠቅላላ ነጥብ ይወጣለታል። በዚህ ነጥብ ውስጥ ጤና፣ መራባትና ዕድሜ ከወተቱ ያነሰ ክብደት አልተሰጣቸውም። ድሮ ኮርማው መልካም መሆኑ የሚታወቀው ሴት ልጆቹ አድገው ከታለቡ በኋላ ስለነበር ዓመታት ይፈጅ ነበር፤ ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ወዲህ ግን በዘረ መል ምርመራ ጥጃው ገና ሳያድግ መገመት ተችሏል።

ይህ ጥንቃቄ የመጣው ያለ ጉዳት አይደለም። አንድ ኮርማ በሰው ሠራሽ ማዳቀል የብዙ ሺህ ጥጆች አባት ስለሚሆን በደሙ ያለ እንከንም አብሮ ይበተናል። በፍሌክፊ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግና ጥጃን የሚያቀጭጭ ችግር ተገኝቶ ኮርማዎች አባላዘራቸው ከመሰራጨቱ በፊት ይመረመራሉ።

የሲሜንታል ደም ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በባኮ፣ በሆለታና በአዳሚ ቱሉ የምርምር ጣቢያዎች ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ጋር ተሰልፎ ከቦረና፣ ከሆሮና ከባርካ ላሞች ጋር ተዳቅሏል። ከዚያ በኋላ በሆለታ የተካሄደው ሙከራ ደግሞ ለአራሹ ይበልጥ የቀረበ ነው። ሲሜንታልና ቦረና፣ እንዲሁም ፍሪዥያንና ቦረና የተዳቀሉ ላሞች ቀንበር ተጭኖባቸው ሠሩ። ተጨማሪ መኖ ያገኙት ሥራውን ከወተቱና ከመውለዱ ጋር ማስኬድ ችለዋል። ያላገኙት ግን ከስተው ኮርማ መፈለጋቸው ዘገየ።

ስለዚህ ሁለገብ ዝርያ መጣ ብሎ መቸኮል አይገባም። ይህን የሚያህል ገላ በገለባ ብቻ አይሞላም። ሌላው ስጋት ምጥ ነው። የሲሜንታል ጥጃ አጥንተ ትልቅ ስለሆነ ለትንሽ የአገር ጊደር ከበድ ያለ ሸክም ነው፤ ቀድማ የወለደች፣ ዳሌዋ ሰፋ ያለ ላም መምረጥ ይሻላል። ይህን አስቀድሞ መንገር የወረዳው የማዳቀል ባለሙያ ድርሻ ነው።

አንድ ነገር ግን ከባቫሪያ ያለ ገንዘብ መውሰድ ይቻላል። የአባላዘሩ ቀጭን ቱቦ ላይ የኮርማው ቁጥር ታትሞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ቱቦው ከአገልግሎቱ በኋላ ይጣላል፤ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል። ባለሙያው ቁጥሩን በላሟ ካርድ ላይ ቢጽፍ፣ አርሶ አደሩም ካርዱን ከመሬት ደብተሩ ጋር ቢያስቀምጥ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ጊደሯ ኮርማ ስትፈልግ ከገዛ አባቷ አባላዘር እንዳትዳቀል የሚያደርጋት ያ ቁጥር ነው።