ቁስሉ ጠገገ ማለት ቂጥኝ ለቀቀ ማለት አይደለም

ስለ አባላዘር በሽታ በቤተሰብ መጽሔት መነሣቱ የሚከብዳቸው ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ነገር ግን ቂጥኝ ባልንና ሚስትን፣ ገና ያልተወለደን ሕፃን ጭምር የሚነካ በመሆኑ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። ሐያእ መልካም ጠባይ ነው፤ ሐኪም ፊት በሽታን ለመደበቅ ግን ምክንያት አይሆንም።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መሬቱ የተጎዳ፣ ዝናቡም የማያስተማምን ቀበሌ ብዙ ነው። ስለዚህ በርካታ ወንዶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ መውረድን ለዓመታት የኑሮ ዘዴ አድርገውት ኖረዋል። ከቤቱ ርቆ ከሚከርመው መካከል ወባ ብቻ ሳይሆን ሌላም ሕመም ይዞ የሚመለስ አለ። የወረደ ሁሉ ይታመማል ማለታችን ግን አይደለም፤ ከቀዬው ሳይወጣ የሚያዝም አለና።

የበሽታው መንሥኤ ትሬፖኔማ ፓሊደም የተባለ፣ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ጀርም ነው። ጀርመናውያኑ ሻውዲንና ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1905 ለይተውታል። ከግንኙነት በኋላ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ጀርሙ በገባበት ቦታ ቁስል ይወጣል። ቁስሉ በአብዛኛው አያምም። በሴት ማኅፀን በር ላይ ከወጣ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ መድኃኒት ይጠግጋል፤ ሰውየውም «ለቀቀኝ» ብሎ ይረሳዋል። ጀርሙ ግን በደም ውስጥ ነው። ቆይቶ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ሳይቀር የሚወጣ፣ ብዙም የማያሳክክ ሽፍታ ይከተላል፤ እሱም በራሱ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ምንም ምልክት ላይኖር ይችላል። ካልታከሙት ሰዎች በከፊሎቹ ላይ ግን ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ልብን፣ አንጎልንና አጥንትን ያበላሻል።

አባቶቻችንንም ያሳሳታቸው ይኸው መጥቶ የመሄድ ጠባዩ ነው። ድሮ ቂጥኝ የያዘው ሰው ወሸባ ይገባ ነበር፤ ይኸውም ከሰው ተለይቶ በቤት ተዘግቶ የሥር መድኃኒት መጠጣት ነው። (ወጣቶች ቃሉን የሰሙት በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ለለይቶ ማቆያ መጠሪያ ሆኖ ሲመለስ ይመስለናል።) ጉማራ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ዋንዛዬ ፍል ውኃም ለቆዳ ሕመም የሚሄድ ብዙ ነው። ፍል ውኃ ገላን ያሳርፋል እንጂ በደም ያለ ጀርም አይገድልም። ሽፍታው ሲጠፋ ምስጋናው ለውኃው ይሆናል፤ ሳይታጠቡም ይጠፋ ነበር።

መከራው የሚበረታው በእርጉዟ ላይ ነው። ጀርሙ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራል፤ ያስወርዳታል፣ ወይም ልጁ ሞቶ ይወለዳል፣ ወይም ታሞ ይወለዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ቂጥኝ በዓለም ዙሪያ ወደ 700,000 እንደሚደርስ ገምቷል። ልጅ እየሞተባት «ሾተላይ አለባት» የተባለች እናት ደሟ ለቂጥኝ ተመርምሮ ያውቃል ወይ? ለእርጉዝ የታመነው መድኃኒት ፔኒሲሊን ብቻ ሲሆን ከመውለዷ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ሊሰጣት ይገባል። በመሆኑም የእርግዝና ክትትልን ለመጨረሻው ወር ማቆየት አደገኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ በደል ይፈጸማል። በክትትል ጊዜ አስቀድማ የምትመረመረው ሚስት ስለሆነች በሽታው የሚገኘውም መጀመሪያ በእርሷ ላይ ነው፤ ባልም «ከየት አመጣሽው?» ይላል። ምርመራው ግን ማን ከማን እንደወሰደ አይናገርም። እንዲያውም ከጣት ደም ተወስዶ በደቂቃዎች የሚታየው ፈጣን ምርመራ ታክሞ በዳነ ሰው ላይ እንኳ ዕድሜ ልክ «አለ» ሊል ይችላል። ያለ አራት ምስክር ሴትን በዝሙት መወንጀል፣ ማለትም ቀዝፍ፣ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንባብያን ያውቁታል። የላቦራቶሪ ወረቀት ምስክር አይደለም።

በግፍ የተያዘችም ትኖራለችና። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በነሐሴ 2013 የሕወሓት ተዋጊዎች ነፋስ መውጫን ይዘው በነበረ ጊዜ ጥቃት እንደደረሰባቸው የተናገሩ 16 ሴቶችን ቃል አስፍሯል። የከተማዋ ሆስፒታልም ተዘርፎ ስለነበር አስፈላጊውን ሕክምና በጊዜው ማግኘት አልቻሉም። ያልታከመ ቂጥኝ ከዓመታት በኋላም በደም ምርመራ ይገኛልና «ጊዜው አልፏል» ተብሎ አይቀርም።

መድኃኒቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሲሆን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት በመርፌ ይሰጣል፤ ለአዲስ በሽታ አንድ ጊዜ፣ ለቆየው ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ3 ሳምንት። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። በመርፌው ዕለት ትኩሳትና ራስ ምታት ቢመጣ ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይለቃል፤ እርጉዝ ከሆነች ግን ለባለሙያ ትንገር። ባልና ሚስት አብረው መታከም አለባቸው፤ አንዱ ከቀረ ታክሞ የዳነው እንደገና ይያዛል፤ ቂጥኝ እንደ ኩፍኝ አንዴ ይዞ የሚተው አይደለምና። ኒካሕ የሚያስሩ ወጣቶችም ለኤች አይ ቪ ሲመረመሩ ይህንንም አብረው እንዲያዩላቸው በዚያው በጤና ጣቢያው ይጠይቁ።