አሠሪው የሚጨምራት 11 በመቶ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ባምባሲ ከተማ ውስጥ ሁለት ሦስት አናጢ ቀጥሮ አልጋና ቁም ሣጥን የሚያሠራን ሰው «ለሠራተኞችህ የጡረታ ዕቅድ አለህ ወይ?» ቢሉት ይስቅ ይሆናል። በሕግ ግን አለው። አዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅት ሠራተኛን ጡረታ ውስጥ ካስገባ ወዲህ አሠሪም ሠራተኛም ያዋጣሉ። ሲጀመር የአሠሪው 7፣ የሠራተኛው 5 በመቶ ነበር፤ ደረጃ በደረጃ አድጎ 11 እና 7 ደረሰ። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ 1268/2014ም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል።

አሜሪካ ውስጥ የአሠሪ የጡረታ ዕቅድ ሲባል ነገሩ ሌላ ነው። ሠራተኛው በፈቃዱ ይቆጥባል፣ ብዙ አሠሪዎችም እሱ ባስቀመጠው ልክ ወይም ግማሹን ያህል ይጨምሩለታል፤ መጠኑን የሚነድፈው አሠሪው ነው። እኛ ዘንድ ግዴታ ነው፤ ገንዘቡም በየሰው ስም በተከፈተ ሒሳብ ሳይሆን በጋራ ፈንድ ይቀመጣል። ታዲያ የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት ምን የሚነድፈው ነገር አለ? አንድ ነገር አለ፤ ፔሮሉ ላይ የሚጽፈው ደመወዝ።

መዋጮው የሚታሰበው በመደበኛ ደመወዝ ላይ ነው፤ አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይገቡበትም። አናጢው በወር 10,000 ብር ያገኛል እንበል። ሙሉው ደመወዝ ተብሎ ከተጻፈ ከእሱ 700፣ ከአሠሪው 1,100 ብር ይገባል። 5,000ው «አበል» ከተባለ ግን 350 እና 550 ብቻ። አሠሪው በየወሩ 550 ብር ይተርፈዋል፤ ሠራተኛውም እጁ የሚገባው ስለሚበረክትለት አያጉረመርምም። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ያደረጉትን ማን ይከሳል?

ዕዳው የሚመጣው ሠራተኛው 60 ዓመት ሲሞላው ነው። ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አናጢያችን 30 ዓመት ከሠራ 55 በመቶ ይደርሰዋል። ሙሉው ደመወዝ ከተጻፈ 5,500 ብር፣ ግማሹ ብቻ ከተጻፈ 2,750። የግማሽ ደመወዝ ጡረታ ለባልቴቱም ይተርፋል፤ ባሏ ሲሞት የሚደርሳት የእሱ ጡረታ ግማሽ ነውና።

ከ11 በመቶው በላይ መጨመር ለሚፈልግ አሠሪም በር አለ። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 አሠሪው ለጡረታ ወይም ለፕሮቪደንት ፈንድ (ለሠራተኛው የቁጠባ ፈንድ) የሚከፍለው ከሠራተኛው ወርሃዊ ገቢ 15 በመቶ እስካላለፈ ድረስ ሠራተኛው ግብር አይቆረጥበትም ይላል። 11ዱ ሲነሣ 4 በመቶ ያህል ይቀራል። ንድፍ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል፤ «2 በመቶ ካስቀመጥክ 2 በመቶ እጨምርልሃለሁ» ማለት ይቻላል። እኔን ቢጠይቁኝ ከመጠኑ ይልቅ ጊዜውን አጥብቄ እነድፈው ነበር። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባህላዊ የወርቅ ቁፋሮ ሲሞቅ ጎበዝ አናጢም መጋዙን አስቀምጦ ይሄዳል። አሠሪው የጨመረው የሠራተኛው የሚሆነው በአንድ ዓመት ነው ወይስ በሦስት? ሠራተኛው ራሱ ያስቀመጠው ግን በሄደ ቀን በሙሉ እጁ ሊገባ ይገባል። ይህን በቃል መስማማት አይበቃም፤ በቅጥር ውሉ ላይ ይጻፍ፣ አንዱ ቅጂም ከሠራተኛው ዘንድ ይቀመጥ።